የትሬለሩ የምሥራቅ ግድግዳ

ባለቤቴ ዮናስ «ተመላሿ» የሚል ስም አውጥቶልኛል። ከቤት ወጥተን መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ምድጃው መጥፋቱን ለማየት እመለሳለሁ። ካውያውን መንቀሌን ለማረጋገጥ እመለሳለሁ። በሩን ቆልፌ ሊፍቱ ጋ ከደረስኩ በኋላ እጀታውን ለመነቅነቅ እመለሳለሁ። እውነቱን ልንገራችሁና፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ተመልሼ አንድም ጊዜ የበራ ምድጃ አግኝቼ አላውቅም። እናቴ በሕይወት ሳለች «አንቺ ልጅ፣ ስጋት እህል ቢሆን ኖሮ አገር ትመግቢ ነበር» ትለኝ ነበር። እኔም ፍርሃቴ በሽታ ነው ብዬ አምኜ፣ የሰው መሳቂያ እንዳልሆን በተቻለኝ መጠን ደብቄው እኖር ነበር።

ሥራዬ ቴሌቪዥንና መደርደሪያ ግድግዳ ላይ መስቀል ነው። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ እንደመጣሁ ሕፃናት እጠብቅ ነበር። አንድ ቀን የምሠራላት ሴትዮ የቀጠረችው ሰው ቀረባትና ስትበሳጭ አይቼ «እኔ ልሞክረው?» አልኳት። ሞከርኩት፣ ተሰቀለ፣ እስካሁንም አልወደቀም። ከዚያ ወዲህ ሰው ለሰው እየነገረልኝ እንጀራዬ ሆነ። መጀመሪያ ላይ ሐበሻ ወንዶች «ሴት ልጅ ድሪል ይዛ!» እያሉ ከኋላዬ ቆመው ይቆጣጠሩኝ ነበር። አሁን ሶፋቸው ላይ ተጋድመው «ትንሽ ወደ ግራ» ይሉኛል። ለእንደኔ ዓይነቷ ፈሪ ደግሞ ጥሩ ሥራ ነው፤ ደጋግሞ መለካት እዚህ ሙያ ውስጥ እንደ ጉብዝና ይቆጠራል።

እትዬ አስካለ የደወሉልኝ አንድ የጸደይ ቀን ጠዋት ነው። የሆስፒታል ማእድ ቤት ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። ባለቤታቸው ጋሽ ተፈራም ታክሲ ነድተው ነድተው በቃኝ ብለዋል። አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖሩት።

«ሰናይት ነሽ? ቲቪ ሰቃይዋ?»

«አዎ እትዬ፣ ነኝ።»

«ትሬለር ላይ ትሰቅያለሽ? በመኪና የሚጎተተው፣ አልጋም ኪችንም ያለው? ነገ ወደ ኮሎራዶ፣ ልጃችን ዘንድ ልንነዳ ነው። ያን ሁሉ ዘመን እዚህ አገር ኖሬ ያየሁት ሆስፒታሉንና ቤተ ክርስቲያኑን ብቻ ነው።»

«ትሬለር ላይ ሰቅዬ አላውቅም እትዬ። መጥቼ ልየውና እነግርዎታለሁ።»

«እኛም ትሬለር ገዝተን አናውቅም። እኩል ነን፣ ነይ!» ብለው ስቀው ዘጉት።

ስደርስ ትሬለሩ ደጃቸው ላይ ያለውን የመኪና ማቆሚያ ሞልቶት ቆሟል። አሮጌ ነው፤ ጎኑ ላይ ያለው ሰማያዊ መስመር በፀሐይ ነጥቷል። ጋሽ ተፈራ ከፊቱ የተሰኩትን ሁለት የጋዝ ሲሊንደሮች ፈትተው መኪናቸው ላይ እየጫኑ ነበር።

«ባዶ ናቸው። ላስሞላቸው ልሄድ ነው» አሉኝ። «መንገድ ላይ ሻይ እንኳ ሳናፈላ እንዳንቀር።»

ወደ ትሬለሩ ውስጥ ስገባ እትዬ አስካለ በሰሃን ምግብ ይዘው ጠበቁኝ። «ቅመሺና ንገሪኝ፤ እኔ ከዚያ የኮሮና በሽታ ወዲህ አፍንጫዬ ከድቶኛል። ሽንኩርት ቢያርር እንኳ የማውቀው ጭሱን በዓይኔ ሳይ ነው» አሉ። ምድጃው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ገመዱ የተጠቀለለ ነጭ ሳጥን ተቀምጧል። ምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «ይሄ ጯሂው ነው፣ የጋዝ ምናምን። ሽሮ ባቁላላሁ ቁጥር ሲጮህ ተፈራ ተናዶ ነቀለው» አሉኝ። እኛ ቤትም የጭስ መጥሪያው ባትሪ የሚወጣው በዶሮ ወጥ ቀን ነው፤ ስለዚህ አልገረመኝም።

የትሬለር ግድግዳ የቤት ግድግዳ አይደለም። ከውስጥ ጣት የማታክል ስስ እንጨት አለች፣ ቀጥሎ ፎም፣ ከዚያ የውጪው ቆርቆሮ። የሚይዝላችሁ ነገር እዚህም እዚያም የቆመው ቀጭን የእንጨት አጥንት ብቻ ነው። ብሎኑ ካጠረ መኪናው ሲንገጫገጭ ቴሌቪዥኑ ይወርዳል፤ ከረዘመ ደግሞ በውጪ በኩል ይወጣል። በማግኔት ግድግዳውን እየዳበስኩ ምስማሮቹ የት እንዳሉ ፈለግኩ፣ በእርሳስ ምልክት አደረግኩ፣ ኤሌክትሪኩን ሁሉ አጠፋሁ፣ ወፍራም ጣውላ ከአጥንት ወደ አጥንት አሰርኩና ቴሌቪዥኑን እሱ ላይ ሰቀልኩት። በሁለት እጄ ተንጠለጠልኩበት። ንቅንቅ አላለም።

የቀረኝ እትዬ ከቴሌቪዥኑ ጋር ያዘዙኝ የቅዱሳን ሥዕል ማስቀመጫ መደርደሪያ ነበር። እኔ አልጋው ራስጌ ላይ አስቤው ነበር፤ ቦታው ለመብሳት የተመቸ ነው። እትዬ አስካለ ግን የእመቤታችንን ሥዕል ታቅፈው መጡና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ምሥራቅ በየት ነው?»

ስልኬን አውጥቼ አየሁ። ትሬለሩ በቆመበት አቋቋም፣ ምሥራቅ ምድጃው ያለበት ግድግዳ ነው።

«እንግዲያው እዚያ ነው የምትሰቅዪልኝ።»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ መኪና ነው። ነገ ሲዞር ምሥራቁም አብሮ ይዞራል።»

«ነገ ለነገ ይጨነቃል። እኔ ዛሬ ማታ በየት ዞሬ ልጸልይ?»

ደንበኛ ብቻ ቢሆኑ እከራከር ነበር። እናት ናቸው፤ ዕድሜያቸውም የእናቴ ነው። ከምድጃው ጎን በማግኔቴ አጥንቱን አገኘሁ። አንደኛው ቀዳዳ ጥሩ ሄደ። ሁለተኛው ላይ ድሪሉ ትንሽ ያዝ አደረገው፣ አጉረመረመና ሰንጥቆ ገባ። የአጥንቱ ማጠናከሪያ ብረት ይሆናል አልኩ። ብሎኑን አሰርኩት፤ ጥብቅ ብሎ ያዘ። መደርደሪያውን ገጠምኩ፣ ኤሌክትሪኩን መለስኩ፣ መብራቱም ቴሌቪዥኑም ሠሩ። እትዬ አስካለ ሥዕሏን አስቀመጡ፣ ከፊቷ ጧፍና ክብሪት ደረደሩ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ተሳለሙ።

«ለሠርክ ጸሎት የመጀመሪያውን ጧፍ ሳበራ ስምሽን አነሳለሁ» አሉኝ።

«አሜን እትዬ!» ብዬ ጉንጫቸውን ሳምኩና ትራፊኩ ሳይብስ ልሩጥ ብዬ ወጣሁ። ከሰፈሩ ልወጣ ስል ጋሽ ተፈራ ከፊቴ መጡ። የተሞሉትን ሲሊንደሮች የኋላ ወንበር ላይ እንደ ልጅ በቀበቶ አስረዋቸዋል። እጃቸውን አውለበለቡልኝ። እየሳቅኩ አለፍኳቸው።

ድልድዩ ላይ መኪናው ሁሉ ቆሟል። ወደ ሜሪላንድ የሚሻገረውን ትልቁን ድልድይ በሥራ መውጫ ሰዓት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሰው ከመሪው ጋር የሚጣላበት ቦታ ነው። አውራ ጣቴ ላይ የሆነ ነገር ወጋኝ። የእንጨት ስንጥር መስሎኝ በጥርሴ ነክሼ አወጣሁትና በብርሃኑ አየሁት። እንጨት አይደለም። የጥፍር ቁራጭ የምታክል፣ የተጠቀለለች ቀይ ብረት ናት። መዳብ ናት።

 ማሰብ ጀመርኩ። ብሎኖቼ ብረት ናቸው። የመደርደሪያው መያዣ ነጭ አሉሚኒየም ነው። መዳብ ያለው የኤሌክትሪክ ሽቦ ውስጥ ነው፤ ሽቦ ብበሳ ኖሮ ግን መብራቱ እንዲህ አይመለስም፣ ሽቦም እንዲህ ያለ ወፍራም ፍቅፋቂ አያወጣም። ታዲያ ትሬለር ግድግዳ ውስጥ ሌላ ምን መዳብ አለ? ያኔ ነው ከምድጃው ሥር ጎንበስ ብዬ ማግኔቴን ሳነሳ ያየሁት ቀጭን ቀይ ቧንቧ ዓይኔ ላይ የመጣው። ወደ ላይ፣ ወደ ግድግዳው ይገባል። የጋዝ ቧንቧ ነው። ስበሳው ሲሊንደሮቹ ስላልነበሩ አልሸተተኝም። አሁን ግን ጋሽ ተፈራ ይዘዋቸው ገብተዋል።

 እትዬ አስካለ አይሸታቸውም። ጯሂው ሳጥን ተነቅሏል። ክብሪቱ ሥዕሏ ፊት ነው። ሠርክ ደግሞ ደርሷል።

ደወልኩላቸው። ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። ጋሽ ተፈራ ጋ ደወልኩ፤ የመልእክት ሳጥኑ ሞልቷል አለኝ። እትዬ ጋ ደገምኩ። አይነሳም። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ የስልካቸውን ድምፅ እንዳጠፉት ረስተውት እንደሚውሉ ራሳቸው ነግረውኛል። ዮናስ ጋ ደወልኩ።

«ዮኒ፣ የጋዝ ቧንቧ የበሳሁ መሰለኝ።»

«ሸተተሽ?»

«ያኔ ጋዝ አልነበረም። አሁን ነው የሚገጥሙት።»

 «ሰኒዬ፣ ደግሞ ጀመረሽ? ባለፈው የጎረቤታችን ቲቪ ወድቋል ብለሽ ከቅዳሴ መልሰሽኝ እኮ ቲቪው ላይ ፊልም እያዩ ነው ያገኘናቸው።»

«ይሄኛው ሌላ ነው።»

«ሁልጊዜ ሌላ ነው ትያለሽ። ተረጋጊ፣ ቤት ስትገቢ ኮል ታደርጊላቸዋለሽ።»

አልፈረድኩበትም። እኔም ራሴን የማውቀው እንደሱ ነው። መኪናዎቹ ፈቀቅ ሲሉ ፈቀቅ እያልኩ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። እሳት አደጋ ልጥራ? ምንም ባይኖርስ? እነዚያ የተከበሩ ሰዎች መንገዳቸው ዋዜማ ላይ ቀያይ መኪኖች ደጃቸው ላይ ሲደረደሩ፣ ፈረንጅ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ሲያይ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን «ቲቪ ሰቃይዋ ጉድ ሠራችን» ሲባል ታየኝ። የኔ ሥራ በሰው አፍ ነው የሚኖረው፤ በሰው አፍም ይሞታል። ደግሞ «ቧንቧችሁን በስቻለሁ» ብሎ በራስ ላይ መመስከርም አለ። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ያዘኝ። አትዘኑብኝና፣ እዚያ ድልድይ ላይ እሳቱን ከፈራሁት ይልቅ ማፈሩን የፈራሁባት ቅጽበት ነበረች።

ከዚያ ጣቴን አየሁ። ያቺ ቀይ ነገር አሁንም አለች። እስከዛሬ ፍርሃቴ ሁሉ ባዶ እጁን ነበር የሚመጣው፤ በሩ ቢከፈትስ፣ ምድጃው ቢበራስ እያለ። ዛሬ ግን ምስክር ይዞ ነው የመጣው። መስታወቱ ላይ የተሰካውን ስልኬን ነካሁና የአደጋ ጥሪ ወደሚቀበለው 911 ደወልኩ።

«ጋዝ ይሸትዎታል?» አለችኝ ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ።

«አይሸተኝም።»

«አሁን ያሉት እዚያ ቤት ነው?»

«አይደለሁም። ድልድዩ ላይ ነኝ።»

«ታዲያ እንዴት አወቁ?»

በድንጋጤ የማውቃት እንግሊዝኛ ሁሉ ጠፋችብኝ። «ጣቴ ላይ መዳብ አለ» አልኳት። «የጋዙን ቧንቧ በድሪል በስቼዋለሁ። ውስጥ ያሉት እናት አይሸታቸውም። አሁን ለጸሎት ክብሪት ሊጭሩ ነው። ስልክ አያነሱም። እባክሽ!»

 የምትጽፍበት የኮምፒውተር ቁልፍ ሲንጫጫ ሰማሁ። አድራሻውን ተቀበለችኝ፣ መኪና እንደተላከ ነገረችኝ፣ ስልኩን እንዳልዘጋም አዘዘችኝ።

ይሄኔ ነው ስልኬ ሌላ ጥሪ ያሳየኝ። እትዬ አስካለ! ልቀበል ስል ጣቴ ሳተው፣ ሴትዮዋም ስለ ትሬለሩ በር እየጠየቀችኝ ነው። ጥሪው ጠፋ። ለምን ደወሉ? ሸተታቸው? ተቃጠሉ? የሞተ ሰው አይደውልም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። መልሼ ለመደወል ስችል ደግሞ አይነሳም። ድልድዩን እንደተሻገርኩ በመጀመሪያው መውጫ ወርጄ ዞርኩ። ሥላሴን እየተማጸንኩ ነዳሁ። እያንዳንዱ ቀይ መብራት ላይ የክብሪቱ ጫፍ ሲጫር ይታየኛል። ከሩቅ ሰማዩን አየሁ፤ ጭስ ፈለግኩ። አላየሁም፤ ያም አላጽናናኝም።

መንገዳቸው በእሳት አደጋ መኪና ተዘግቷል። መኪናዬን ባገኘሁበት ጥዬ ሮጥኩ። ትሬለሩ እንደቆመ ነው፤ በሩም መስኮቱም ተበርግዷል። ሣሩ ላይ እትዬ አስካለ ሥዕሏን በደረታቸው አቅፈው ቆመዋል፤ በሌላ እጃቸው ያልበራ ጧፍ ይዘዋል። ጋሽ ተፈራ ባርኔጣቸውን አውልቀው አጠገባቸው ናቸው። ጎረቤቱ ሁሉ፣ እንደፈራሁት፣ ወጥቶ ያያል።

«የደወለው ማነው?» አለ አለቃቸው የሚመስለው ሰውዬ። እንደ ተማሪ እጄን አወጣሁ። ሲሊንደሮቹ ተገጥመው እንደተከፈቱ፣ ጋዙ ወለሉ ላይ ሞልቶ መለኪያ መሣሪያቸው ገና ከበሩ እንደጮኸ፣ የመደርደሪያው ሁለተኛ ብሎን ቧንቧውን እንደበሳው ነገረኝ። «ብሎኑ ቀዳዳውን በከፊል ደፍኖት ነበር፤ ግን ክብሪት ተጭሮ ቢሆን አሁን እዚህ ቆመን አናወራም» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ወደ ሁለቱ ዞርኩ። የሚመጣብኝን ለመቀበል ተዘጋጀሁ።

«የበሳሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ይቅርታ አድርጉልኝ።»

«ምን በወጣሽ!» አሉ ጋሽ ተፈራ። «ጯሂውን የነቀልኩት፣ ጋዙንም ከውጪ ከፍቼ ውስጡን ሳላሸት ወደ ቤት የገባሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ዞር በል! ግድግዳውን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?» አሉ እትዬ አስካለ።

ምግብ ቤት ሂሳብ ለመክፈል እንደምንጋፋው፣ ሦስታችን ጥፋቱን እየተሻማን እዚያ ሣር ላይ ቆምን። ፈረንጆቹ የምንጣላ መስሏቸው ራቅ አሉ። ዓይኔ እትዬ አስካለ እጅ ላይ ካለው ጧፍ አልነቀል አለ።

«እትዬ፣ ለምንድነው ሳያበሩት የቀሩት? ሠርክ እኮ አልፏል።»

በመገረም አዩኝ። «ስምሽን ሳላውቅ?»

«ስሜን ያውቁታል እኮ።»

«ሰናይት ብዬ ነው በእመቤቴ ፊት የማነሳሽ? የክርስትና ስምሽን ሳትነግሪኝ ጥለሽኝ በረርሽ! እኔ ነገሩን የገባኝ ክብሪቱን ይዤ ስቆም ነው። ማን ልበል? ስምሽን አነሳለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ሳላነሳሽ ልጀምር? ክብሪቱን አስቀመጥኩና ደወልኩልሽ። አታነሺም። የስልኬ ድምፅ መጥፋቱን ረስቼ፣ ትደውል ይሆናል ብዬ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ እነዚህ ሰዎች በሩን በርግደው እንደ ሕፃን አቅፈው አወጡኝ።»

 ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፤ ሰው ያየኛል፣ ምን ይለኛል ሳልል ነው ያለቀስኩት። እትዬ አስካለ ሥዕሏን ለጋሽ ተፈራ ሰጥተው፣ ወገባቸውን ይዘው አጠገቤ ተቀመጡና እንባዬን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝ።

«በይ አሁን ንገሪኝ፤ ማነው?»

«ወለተ ሥላሴ።»

«ወለተ ሥላሴ» አሉ፣ እንዳይረሱት ይመስል ቀስ ብለው።

በዚያ ቀን ስለተረፍንበት ነገር ብዙ አስቤአለሁ። እኔ ስደውል እሳቸው በጸሎት ዝግጅት ላይ ነበሩ፤ እሳቸው ሲደውሉ እኔ ስለሳቸው እየለመንኩ ነበር። ማን ማንን እንዳዳነ እስካሁን አላውቀውም። የቤተ ክርስቲያናችንን ካህን ብጠይቃቸውም «ሁለቱም ነው» ብለው አለፉኝ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ መካከላችሁ እንደኔ ተመላሽ ካለ አንድ ነገር ልበለው። ስጋትህ ልክ ነው አልልህም፤ እኔም ዛሬም ድረስ ምድጃውን ጠፍቶ ነው የማገኘው። ግን እጅህ ላይ ቀይ ነገር ካየህ፣ ዓለም ሁሉ «ደግሞ ጀመረህ» ቢልህ እንኳ ደውል። ሰው ቢስቅብህ ሳቁ ያልፋል። እኔ ያን ቀን አፍሬ ዝም ብል ኖሮ ዕድሜ ልኬን የሚያሳፍረኝ ነገር ይዤ እኖር ነበር። ዮናስም ከዚያ ወዲህ ተለውጧል። ተመላሿ ማለቱን አልተወም፤ ግን መኪና ውስጥ ዝም ስል ፊቴን ያይና፣ ምንም ሳልጠይቀው ፍሬቻ አሳይቶ ይዞራል።

ቧንቧውን የጋዝ ባለሙያ ቀየረው፤ የት የት እንደሚያልፍም በእርሳስ አሳየኝ። እኔም መደርደሪያውን ከሱ አርቄ፣ እዚያው ግድግዳ ላይ መልሼ ሰቀልኩት። ጋሽ ተፈራም ጯሂውን በገዛ እጃቸው መልሰው ሰኩ። ጥቂት ቀን ዘግይተው መንገዳቸውን ጀመሩ። ምሥራቅ በየቦታው ስለሚዞር ጋሽ ተፈራ በደረሱበት ሁሉ ትሬለሩን የሚያቆሙት ያ ግድግዳ ወደ ምሥራቅ እስኪሆን ወደፊትና ወደኋላ እያሉ ነው። የካምፕ ጠባቂዎች «ሰውዬው መንዳት አይችልም እንዴ?» ሳይሉ አይቀሩም።

ባለፈው እትዬ አስካለ ከዚያው ከመንገድ ደውለውልኝ እያወራን ሠርክ ደረሰባቸው። ስልኩን ሳይዘጉ «ተፈራ፣ እስቲ ግባና አሽትት» ሲሉ ሰማሁ። ጋሽ ተፈራ ገብተው ቆዩና «ምንም የለም» አሉ። «ሁለተኛ አሽትት!» አሏቸው። አሁንም ምንም የለም። ከዚያ ክብሪት ሲጫር ሰማሁ፤ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ። ቀጥሎ የሰማሁት ስሜን ነው።